የፋርስ አንበሳ ወይስ የቲቤት ነብር?
አሮጌ ባለ አውሬ ምንጣፍ ካማራችሁ፣ እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ።

ጋቤ የሚባለውን ባለ አንበሳ ምንጣፍ በደቡብ ምዕራብ ኢራን፣ በፋርስ ክፍለ ሀገር የቃሽቃይና የሉር ዘላን ሴቶች ይሠሩታል። አንበሳው ሕፃን ልጅ የሣለው ይመስላል፤ ፊቱ አንዳንዴ የሰው፣ ጅራቱ ሽቅብ የተቆለመመ። ሱፉ ረዘም ያለ ነው፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ደስ ይላል።

የቲቤቱ ነብር (የእኛው ነጠብጣባም ሳይሆን ባለ መስመሩ) ላማዎች (የቲቤት ቡድሂስት መምህራን) ለተመስጦ የሚቀመጡበት ነው። ስለዚህ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለሳሎን ያንሳል፣ አልጋ አጠገብ ግን ልክ ነው። አዳዲስ ቅጂዎች ኔፓል ውስጥም ስለሚሠሩ «አንቲክ ነው» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ።

ሁለቱንም ገልብጧቸው። ከጀርባ ቋጠሮው ጠፍቶ ሙጫ የተለጠፈበት ሸራ ካያችሁ፣ በእጅ የተቋጠረ አይደለምና ተዉት። እኔ? ልጆች ስላሉኝ አንበሳውን።