ክር የሌለው የዓይን ሌንስ፦ ከወራት በኋላ

የዓይን ሞራ ኦፕሬሽን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሌንሱ ነው። የየት አገር ነው? ስንት ያወጣል? እኔ ቀኝ ዓይኔ ላይ ሁለተኛ ሌንስ ካስገባሁ ወራት አልፈዋል። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ መጀመሪያ በምን እንደሚያዝ ጠይቁ ነው።

በተለመደው ኦፕሬሽን ሌንሱ የሚቀመጠው የተፈጥሮ ሌንሳችን በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ዙሪያውን ወጥረው የያዙት እጅግ የቀጠኑ ጅማቶች ናቸው። የኔዎቹ ሱዶኤክስፎሊየሽን በሚባል፣ ዓይን ውስጥ ብናኝ መሰል ነገር በሚያከማች ችግር ላልተው ነበር። በአገራችን አረጋውያን ዘንድ በብዛት የሚታይ ችግር ነው። የመጀመሪያው ሌንሴ ከዓመታት በኋላ ከነከረጢቱ ወደ ታች ተንሸራተተ። አንዱ መብራት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ቨርጂንያ ውስጥ ማታ ማታ ኡበር ለሚነዳ ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አዲሱን ሌንስ ለማስያዝ ሐኪሜ የመረጡልኝ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺን ያማኔ በ2017 ያሳተመውን ዘዴ ነው። ስፌትም ማጣበቂያም የለውም። ሌንሱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት። እግሮቹ በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ይወጣሉ። ጫፋቸው በሙቀት ሲነካ ቀልጦ እንደ ምስማር ራስ ያብጣል፤ ስፋቱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያ ጫፍ ተመልሶ ነጩ ውስጥ ይቀበራል። በቃ፣ እግሩ በቀላሉ ወደ ውስጥ አይንሸራተትም። በክር መስፋትም ይቻል ነበር። ግን ድሮ የሚሰፋበት ቀጭኑ የፖሊፕሮፒሊን ክር ከዓመታት በኋላ ሊበጠስ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ጎርቴክስ ወደሚባለው ጠንካራ ክር የዞሩትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ። ዓይኔ ቀላ፣ አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ፣ ጠብታውም መዓት ነበር። ከዚያ እያደር ጠራ። ዛሬ የመንገድ ምልክት ከሩቅ አነባለሁ፤ የተሳፋሪ ስም ስልኬ ላይ ለማየት ግን የማንበቢያ መነጽር ያስፈልገኛል። ዓይኔን ቶሎ ሳዞር ምስሉ ለቅጽበት ይንቀጠቀጣል። ሌንሱ ከረጢት ስለሌለው ትንሽ ይወዛወዛል አሉኝ። ዝናብ ባለበት ሌሊት የፊት ለፊት መኪና መብራት አሁንም ይበተንብኛል፤ ይህ ከልቤ ያሳስበኛል።

ዓይን ማሸት ፈጽሞ ክልክል ነው። የተቀበረው ጫፍ ሽፋኑን ቀድዶ ከወጣ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። በየቀጠሮው ሐኪሜ የዓይኔን ግፊትና ረቲናዬን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኔን የኋላ ሽፋን፣ ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ እያሉ ሁለቱንም ጫፎች ይፈትሻሉ። እስካሁን ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። ግራ ዓይኔም ያው ችግር እንዳለበት ነግረውኛል። እሱም ከተንሸራተተ ያንኑ ዘዴ ነው የምጠይቀው።