የስንዴው ፊርሎት ወይስ የገብሱ?

በድሮ የስኮትላንድ መዝገብ «10 ቦል» የሚል ካገኙ፣ ወደ ሊትር ከመቀየርዎ በፊት እህሉ ምን እንደሆነ ይዩ። ቦልና ፊርሎት የድሮ የእህል ስፍሮች ናቸው፤ አንድ ቦል 4 ፊርሎት ነው፤ ፊርሎቱ ግን ሁለት ዓይነት ነበር።

የስንዴው፦ ለስንዴ፣ ለአተርና ለባቄላ። 36 ሊትር ገደማ፤ ቦሉ 145 ያህል።

የገብሱ፦ ለገብስ፣ ለአጃና ለብቅል። 52 ሊትር ተኩል ገደማ፤ ቦሉ ከ210 ይበልጣል።

ልዩነቱ የመጣው ከቁልል ነው። ገብስና አጃ ቀድሞ የሚሰፈሩት ከስፍሩ አፍ በላይ ተቆልለው ነበር፤ ቁልል ደግሞ እንደ ሰፋሪው እጅ ነው፣ የመሬት ኪራዩን በእህል የሚከፍለውን ገበሬ ይጎዳል። በ1618 ቁልሉ ቀርቶ ስፍሩ ራሱ እንዲሰፋ፣ አፉም በዘንግ እኩል እንዲደረግ ተደነገገ። ለእኔ ትልቅ ፍትሕ ነው። ዋናውን መለኪያ የምትጠብቀው የሊንሊትጎ ከተማ ነበረች፤ ያም ሆኖ ብዙ አውራጃዎች በየራሳቸው ስፍር ቀጥለዋል።

የገብስን ቦል በስንዴው ካሰሉ ሲሶ ገደማ ይጎድልብዎታል። ስለዚህ ለስንዴ ሽያጭ ትንሹን፣ ለገብስና ለአጃ ኪራይ ትልቁን ይያዙ። የኋላ ዘመን የአጃ ዱቄት ከሆነ ግን ሁለቱንም ይተዉ፤ የዱቄት ቦል በክብደት 140 ፓውንድ ሆኗል።