ቀለም እያስሞሉ መሥራት፦ ኤችፒ 402 ከወራት በኋላ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በተሞላ ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) መሥራት ያዋጣል። የሚሞላላችሁን ሰው ግን ምረጡ።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። የምሠራው በኤችፒ ሌዘርጄት ፕሮ ኤም 402 ፕሪንተር ነው። አዲስ ነው የገዛሁት፣ ከአንድ ዓመት ዋስትና ጋር። ሻጩ ሲያስረክበኝ “ቀለም ካስሞላህበት ዋራንቲ የለም፣ ኦሪጅናል ብቻ!” ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩት። ሰፈራችን ውስጥ በኦሪጅናል ብቻ የሚሠራ ፎቶ ኮፒ ቤት ካወቃችሁ ግን አሳዩኝ።

ለምን መሰላችሁ? የዚህ ማሽን ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለሙ የሚቀመጥበት ዕቃ፣ 26ኤ ይባላል። ፋብሪካው ወደ 3,100 ገጽ ያትማል ይላል። ያ ቁጥር ግን የተለካው ቀለም ብዙም በማይነካው ገጽ ነው፣ ከገጹ 5 በመቶ ገደማ። የተመራቂ ጥናት ደግሞ ግራፍ አለው፣ ጥቁር የበዛበት ፎቶ አለው፣ በየገጹ ሠንጠረዥ አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ሲሰለፍ ካርትሪጁ ሳታስቡት ያልቃል። በአንድ ኦሪጅናል ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስሞላት ይቻላል።

የዋስትናውን ወረቀት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኤችፒ ራሱ የጻፈው ሻጩ ከነገረኝ ይለያል። የተሞላ ወይም የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ መጠቀም በራሱ የፕሪንተሩን ዋስትና አይነካም ይላል። ብልሽቱ የመጣው በዚያ ካርትሪጅ ከሆነ ግን የጥገናውን የእጅና የዕቃ ዋጋ ትከፍላለህ። ማለትም ወረቀት መሳቢያው ጎማ ቢበላሽ ቶነሩ ምን አገባው? ይህን ለሻጩ ባነብለት “እሱ የውጭ ነው” ብሎኝ እርፍ።

በውጭም ቢሆን ብዙ የተጨቃጨቁበት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ አምራች “የኔን ዕቃ ካልገዛህ ዋስትና የለህም” እንዳይል የሚከለክል ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሌክስማርክ የተባለው ፕሪንተር አምራች በተሸጡ ካርትሪጆቹ ላይ የፓተንት መብት አለኝ ብሎ ቀለም የሚሞሉትን መክሰስ አይችልም ብሎ ወሰነ። እዚያው አገር የጠመንጃ አምራቾችም በእጅ የተሞላ ጥይት ከተኮስክበት ዋስትናህ ፈረሰ ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። እነሱስ ምክንያት አላቸው፤ ባሩዱ ከልክ ካለፈ መሣሪያው እጅ ላይ ይፈነዳል። የኔ ፕሪንተር ቢከፋ ቢከፋ ወረቀት ያቆሽሻል።

ማቆሸሹን ደግሞ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያስሞላሁበት ሰው ካርትሪጁን እንኳ አልፈታም። በጋለ ብረት ቀዳዳ በስቶ ዱቄቱን አፈሰሰበትና በፕላስተር ለጠፈው። ካርትሪጁ ውስጥ ወረቀት ላይ ያልተያዘው ትርፍ ቀለም የሚጠራቀምበት ክፍል አለ። እሱ ካልተራገፈ ሞልቶ ይፈሳል። የአንዷ ልጅ የጥናት ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ስጠርግ አደርኩ፣ ለእሷም በነፃ ደግሜ አተምኩ።

ዱቄቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ቶነር ማለት የላመ ፕላስቲክ ነው። ፊውዘሩ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ማሞቂያ፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል። ለሌላ ማሽን የተሠራ ዱቄት ከሆነ በደንብ አይቀልጥም፣ በጣት ሲያሹት ይለቃል። ወይም ፊውዘሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ቴፍሎን ላይ ተጣብቆ የላይኛውን ጽሑፍ ደብዘዝ አድርጎ ታች ይደግመዋል። እዚህ ላይ የዋስትናው ነገር እውነት ይሆናል፤ በዚህ የተበላሸ ፊውዘር ወጪው የራሳችሁ ነው።

አሁን የማስሞላው ፒያሳ ያለ ልጅ ጋ ነው። ሞዴሉን ሳይጠይቅ ዱቄት አይነካም። ካርትሪጁን ፈቶ ትርፉን ያራግፋል፣ ትርፍ ቀለም የሚጠርገውን ብሌድ ያጸዳል፣ ድራሙን (ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሲሊንደር) ብርሃን እንዳይመታው በጥቁር ጨርቅ ይሸፍነዋል። ፊቴ አትሞ ያሳየኛል። ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያስከፍላል፣ ይገባዋል። ከእሱ ጋር ከጀመርኩ ወዲህ የሕትመቱን ጥራት ከኦሪጅናል የሚለይ ደንበኛ አልገጠመኝም። ጥቁር የበዛበት ፎቶ ላይ ብቻ ሳሳ ይላል፣ እሱም ለኔ ዓይን ነው።

የሚያናድደኝ ካርትሪጁ ላይ ያለው ቀለም ቆጣሪ ቺፕ ነው። ከተሞላም በኋላ ስክሪኑ ላይ ቀለሙ አልቋል እያለ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ስንት እንደቀረ የማውቀው ጽሑፉ ሲፈዝ ነው። ለዚህ ሁለተኛ ካርትሪጅ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ድራሙም ዘላለም አይኖርም። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጠብጣብ ካያችሁ ድራሙን ማስቀየር ነው፣ ዱቄት መጨመር አይረዳም። ልብሳችሁ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

ሥራ በዝቶብኛልና ሁለተኛ ማሽን ልገዛ ነው። 402 ካገኘሁ ያንኑ እወስዳለሁ። ሻጩን ግን ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት የዋስትና ወረቀቱን አምጣልኝ ብዬዋለሁ።