የአዳማ ገበያ የዳቦ እርሾ፦ ለሳይንስ ክፍል ስንት ያወጣል?

ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስገንፈል ተማሪ ያስደስታል እንጂ ሙከራ አይባልም፤ ምን እንደሚሆን ክፍሉ በሙሉ አስቀድሞ ያውቃል። በቤት ዕቃ ሳይንሳዊ ዘዴን ማስተማር ለሚፈልግ መምህር ከሱቅ ዕቃ ሁሉ ደረቅ የዳቦ እርሾን እናስቀድማለን። የትኛው እንደሚበረታ መምህሩም ሳይፈትን አያውቅማ።

የምንገመግመው ሦስት ዓይነቱን ነው። አየሩ ተመጥጦ የታሸገው ግማሽ ኪሎ ለማነጻጸሪያ ይሆናል፤ ሲገዙ በጣት ይጫኑት፣ እንደ ጡብ ካልጠነከረ አየር ገብቶበታል። ትንሿ ፓኬት ቀኗ ካላለፈ ጥሩ ናት፤ ለብዙ ቡድን ሲገዛ ግን ኪስ ይጎዳል። ተከፍቶ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ለዳቦ አይታመንም፣ ለክፍል ግን ወርቅ ነው። የአዳማ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ያደክሙታል፤ ምን ያህል እንደደከመ ግን ሱቁ ቶሎ ቶሎ በመሸጡ ይወሰናል። ስለዚህ «የማንኪያው ደካማ ነው» የሚለው መላምት ሊወድቅም ይችላል፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ፦ አራት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። በሦስቱ ሦስቱን እርሾ 3 ግራም 3 ግራም ይጨምሩ፤ አራተኛው ያለ እርሾ ይቅር። እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ እንዲይዝ በአራቱም ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ይግጠሙ፤ ሙቀቱ ብቻውን ፊኛ ይነፋ እንደሆነ የሚነግረን አራተኛው ነው። እርሾውን በሚዛን መመዘን ይሻላል፤ የፍሬው መጠን ስለሚለያይ ማንኪያ ያታልላል። ጠርሙሶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚሰይመው ልጅ ሌላ፣ የሚለካው ልጅ ሌላ ይሁን። ሦስት ቡድን ያንኑ ከሠራ ድግግሞሹም ተገኘ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውሃው ላይ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ በሦስት ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ሲበረድ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከ55 ካለፈ እርሾው መሞት ይጀምራል፣ ያኔ ጥሩውም መጥፎውም እኩል ዝም ይላል። ሁሉም ጠርሙስ ከአንድ ጆግ ይቀዳ።

ሁለተኛው ጣጣ ፊኛው ነው። አዲስ ፊኛ ግትር ስለሆነ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ነፍቶ ማስተንፈስ፣ አፉንም በላስቲክ ማሰር ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ ፊኛው ቶሎ አይነሳም፤ ተማሪዎች «አልሠራም» ብለው ጠርሙሱን እንዳይደፉት አስቀድሞ መንገር ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ለመጨረስ ውሃው ከደወሉ በፊት ይዘጋጅ፤ በ15ኛው፣ በ25ኛውና በ35ኛው ደቂቃ የፊኛው ዙሪያ በክር ተለክቶ ክሩ በማስመሪያ ይነበብ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዙሪያው እጥፍ ሲሆን ተማሪ ጋዙም እጥፍ ሆነ ብሎ ይጽፋል፤ ክብ ቅርጽ ከሆነ ግን ይዘቱ 8 እጥፍ ነው የሚሆነው። የሒሳብ መምህሩን መጥራት ያዋጣል። ፊኛ ከጠፋ በረጅም ጠባብ ብርጭቆ የአረፋውን ቁመት መለካት ይቻላል፣ ግን አረፋው ስለሚፈርስ ንባቡ ያን ያህል አያስተማምንም።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ ግማሽ ኪሎውንና የማንኪያውን ይግዙ፣ ትንሿ ፓኬት ትቅር። የተረፈውን ድብልቅ ክዳን አጥብቆ ዘግቶ ማሳደር ግን ክልክል ነው፤ ጋዙ መውጣቱን ስለማያቆም ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።