ቦይለሩ ይቅደም ወይስ አምፖሉ? በትንሽ ብር ቤትን ስማርት ለማድረግ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ከመተኛታችን በፊት ሦስቱንም ስማርት አምፖሎች በስልክ አጥፍተናቸዋል። ከዚያ መብራት ሄደ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተመልሶ ሲመጣ፣ የሳሎኑ ሁለቱም፣ የመኝታ ቤቱም፣ ማንም ሳይነካቸው በሙሉ ብርሃናቸው ቦግ አሉ። ሕፃኗ ተነሥታ አለቀሰች። እናቴ ከኮምቦልቻ መጥታ እኛ ዘንድ አድራ ነበርና «ምን ሆናችሁ ልጄ?» እያለች በባዶ እግሯ ወጣች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንኛውንም ስማርት ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሄ ዕቃ ምን ያደርጋል?

ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚህ ጥያቄ የተመዘነ ነው። የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እናገራለሁ።

ሁለት ቤት አውቃለሁ። የእኔው ደሴ ነው፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ግድግዳ አልፎ የሚገባበት። የእናቴ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የምታገኙት፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ያለው ኮምቦልቻ ነው። በመሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አንዱ ቤት የሞቀ ውሃ ይለምናል፣ ሌላው ማራገቢያ። ስለዚህ «መጀመሪያ ምን ልግዛ?» ለሚለው ለሁለቱም የሚሆን አንድ መልስ የለም።

ብሩ የሚሄደው በየት ነው?

9 ዋት የሆነ ተራ ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ለማሞቅ ግን በአንድ ጊዜ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ገላ መታጠቢያ የአንድ አምፖልን የወር ተኩል ፍጆታ ይበልጣል ማለት ነው። ቦይለሩ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ከቆየ ደግሞ ደሴ ብርድ ውስጥ የሞቀው ውሃ ማንም ሳይነካው ይቀዘቅዛል፣ ቦይለሩም እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ያሞቃል። የቤት ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታው 50 ኪሎዋት ሰዓትን አልፎ ከእርከን እርከን በወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። አንድ ቆጣሪ ለሦስት ተከራይ በሚሆንበት ግቢ ይሄ ነገር ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል።

ስለዚህ «ስማርት አምፖል መብራት ይቆጥብልሃል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። ከተራ ኤልኢዲ ጋር ሲነጻጸር የሚቆጥበው ይህ ነው የሚባል አይደለም፤ እንዲያውም ጠፍቶ እያለ ትእዛዝ ለመጠበቅ ግማሽ ዋት ያህል ሲስብ ያድራል። ለምቾቱ ከፈለጋችሁት ጥሩ ነው፣ ግዙት። የደሴ ሰው ከሆናችሁና ብር ለመቆጠብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ ሂዱ።

ቦይለሩን የሚያዙ ሦስት ዕቃዎች

የመጀመሪያው ባለ ጥርስ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ክብ ነው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች አሉት፣ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ነው። ከሁሉም ይረክሳል፣ ስልክ አይፈልግም፣ አሠራሩን ለማንም በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። ችግሩ ሰዓቱን የሚያዞረው ራሱ የግድግዳው ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው። መብራት 3 ሰዓት ከጠፋ ሰዓቱም 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት እንዲያሞቅ ያዘዛችሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ልጆቹ በቀዝቃዛ ውሃ ተጣጥበው ትምህርት ቤት ገብተዋል።

ሁለተኛው ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ዲጂታል ሰዓት ቆጣሪ ነው። ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለው፤ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን አይስትም፣ የሞላችሁበትንም ፕሮግራም አይረሳም። በሳምንቱ ቀናት ለያይቶ ማዘዝ ይቻላል፤ እሑድ ዘግይቶ ይነሳ ብትሉት ይሰማችኋል። አብዛኛው 16 አምፔር ይችላል። ዋጋው ከጥርሱ ትንሽ ይበልጣል። ኢንተርኔት አያውቅም፣ አይፈልግምም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ሰዓቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ከንጋቱ 11 ሰዓት እሱ ዘንድ 5:00 ነው፣ ምሽት 12 ሰዓት ደግሞ 18:00። 11:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሰው በሌለበት ቤት ውሃ ያሞቃል።

ሦስተኛው የዋይፋይ ማብሪያ ነው፣ በገመዱ መሀል የሚገባው ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካው። በስልክ ከየትም ታዙታላችሁ፣ አንዳንዱ ቦይለሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላም ይቆጥራል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ቆጠራ ነበር፤ ቁጥሩን ሲያይ ያልተገረመ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ነገር ግን በውስጡ የሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቀው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን ስለማያውቅ ፕሮግራሙም አይሠራም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠ የምናውቅ ሰዎች ይሄን እንደ ትንሽ ነገር ልናየው አንችልም።

የእኔ ፍርድ ለደሴ ቦይለር ሁለተኛው ነው፣ ያለ ማመንታት። ሦስተኛውን የምመርጠው የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ ለማይታወቅ ሰው ነው፤ ለሹፌር፣ ለአዳር ተረኛ፣ ኮምቦልቻ ውሎ ማታ ደሴ ለሚገባ። እሱም ቢሆን ሐረጎ ላይ ሲደርስ ማብራቱ አይጠቅመውም። 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር 50 ሊትር ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት ኮምቦልቻ እያለ መነካት አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ አምፔሩን አስሉ። ዋቱን ለ220 አካፍሉ። 1,500 ዋት ወደ 7 አምፔር ነው፣ 2,000 ዋት ወደ 9። 10 አምፔር የተጻፈበትን ርካሽ ማብሪያ ባለ 2,000 ዋት ቦይለር ላይ ማድረግ ሞተርን ቀኑን ሙሉ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ መንዳት ነው፤ እኔ አንዱን ሻጩ «ይችላል» ስላለኝ አድርጌው ፕላስቲኩ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ነው ያነቃኝ። 16 አምፔር ያለውን ውሰዱ፣ ወይም ኤሌክትሪሺያኑ ኮንታክተር፣ ማለትም ከባዱን ኤሌክትሪክ በማብሪያው ፋንታ የሚሸከም ዕቃ፣ እንዲጨምርበት አድርጉ። የእንጀራ ምጣድን ደግሞ ጨርሶ አታስቡት። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፣ የትኛውም የሚሰካ ስማርት ሶኬት ልኩ ላይ ነው ወይም ከልኩ በላይ ነው። ሻወሩ ላይ የሚገጠመው በቅጽበት የሚያሞቀውም እንደዚያው። በስልክ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ስላያችሁም ቦይለር አትፍቱ፤ እነዚህ ማብሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚቆርጡት አንዱን ገመድ ብቻ ነው። ለጥገና ብሬከሩ ይውረድ።

ወደ መብራቱ

ስማርት አምፖል ለተከራይ ይመቻል። ተጠምዝዞ ይገባል፣ ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ከአከራይ ጋር ንግግር የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት መያዣው የሚጠመዘዝ ይሁን የሚሰካ እዩ። ጠላቱ ግድግዳው ላይ ያለው ማጥፊያ ነው። እንግዳ ወይም እናት በልማድ ግድግዳው ላይ ካጠፉት ስልካችሁ አያገኘውም። እናቴን «እማዬ፣ ይሄን አትንኪው» ብዬ ለመንኳት፤ «መብራት ሳላጠፋ መተኛት አልችልም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዕድሜ ልኳን ስትቆጥብ የኖረች ሴት ናት። ከእሷ ልማድ ጋር የሚጣላ ዕቃ ለቤታችን አይሆንም ብዬ የተውኩት ያኔ ነው። የሌሊት 8 ሰዓቱ ችግር ግን መፍትሔ አለው፤ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ውስጥ መብራት ሲመለስ ይብራ፣ ይጥፋ ወይም እንደነበረው ይሁን የሚል ምርጫ አለ። «እንደነበረው» በሉት። ይህ ምርጫ የሌለውን አምፖል አትግዙ።

የግድግዳ ስማርት ማብሪያ የሚያምረው አዲስ ብሎኬት ቤት ላይ ነው። ደሴ ውስጥ በብዙ የቆየ ቤት ማብሪያው ጋ የሚወርዱት ሁለት ገመዶች ብቻ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው። ኒውትራሉ፣ ዙሩን የሚዘጋው የመመለሻ ገመድ፣ በላይ በኩል ነው የሚሄደው። ስማርት ማብሪያ ራሱ ነቅቶ ለመቆየት ኒውትራል ይፈልጋል። ያለ ኒውትራል ይሠራል የሚባለውም በአምፖሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ስለሚኖር፣ አነስተኛ ኤልኢዲ ላይ ሲገጠም አምፖሉ ጠፍቶ እያለ ያብለጨልጫል ወይም ይደበዝዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ገመዱ በግድግዳው ላይ የሚሄድ፣ ማብሪያው የሚቀበርበት ጥልቀትም የለም። እዚያ የሚያዋጣው ፌዝና ኒውትራል ሁለቱም በሚገኙበት ጣራ አጠገብ ትንሿን የዋይፋይ ማብሪያ ማስገባት ነው። ሶኖፍ በሚባለው ስም የሚሸጠው ዓይነት ከስማርት የግድግዳ ማብሪያ በጣም ይረክሳል፤ ለመብራት 10 አምፔሩ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ዓይነት አምፖል ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ ውጭ ሆነው የሚያገለግሉ አሉ፣ ስማርት ተብለው ስለማይጠሩ ሰው ያልፋቸዋል። አንዱ ሲመሽ በራሱ በርቶ ሲነጋ የሚጠፋው ነው። ለውጭ በር፣ ለግቢ። ደሴ ላይ ጉም ጥቅጥቅ ብሎ በወረደ ቀን ከሰዓት በኋላም ሊበራ ይችላል፣ ብርሃኑ ነጭ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ምሽትና ንጋትን የሚለይበትን ዓይኑን ከመታው ደግሞ ቦግ እልም ይላል፤ ቦታውን ቀይሩለት። ሌላው ቻርጅ የሚይዘው ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ይቀጥላል፣ በተለመደው ማብሪያም ይታዘዛል። ቀለም ከሚቀያይረው አንድ አምፖል ይልቅ ሁለት ቻርጅ የሚይዙ ገዝታችሁ አንዱን ኩሽና፣ አንዱን ሳሎን ብታደርጉ ቤታችሁ ይበልጥ ብልህ ይሆናል። ባትሪያቸው ከጊዜ ጋር ስለሚደክም ጥሩውን ምረጡ።

ኮምቦልቻ ሲወረድ

እዚያ ጥያቄው ማራገቢያ ነው፣ መልሱም ስማርት ሶኬት። እናቴ ተኝታ ሳለች ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲቆምላት ፈልገን ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርጉ፤ ማራገቢያውን አስነሡት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። በራሱ ከተነሳ ስማርት ሶኬት ማጥፋትም ማስነሳትም ይችላል። ካልተነሳ፣ ማለትም ሲጫኑት ተመልሶ የሚወጣ ለስላሳ ቁልፍ ወይም ሪሞት ያለው ከሆነ፣ ሶኬቱ ማጥፋት እንጂ ማስነሳት አይችልም። ይሄ ፈተና ለቦይለርም፣ ለማንኛውም ዕቃ ይሠራል። ሪሞት ላላቸው የሪሞቱን ምልክት ተምሮ የሚልክ በዋይፋይ የሚታዘዝ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ቴሌቪዥንና ማራገቢያ በአንድ ላይ ይይዛል፣ ዋጋውም ከአንድ ስማርት ሶኬት ብዙ አይርቅም።

ፍሪጁን ስማርት አታድርጉት። ለእሱ የሚያስፈልገው መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ፣ ቮልቴጁ ሲረጋጋ ብቻ የሚያስገባው መከላከያ ነው። ከስማርት ዕቃ ሁሉ በፊት እሱ ይገዛ እላለሁ።

ስለ መተግበሪያውና ዋይፋዩ አጭር ነገር

ርካሾቹ ዕቃዎች የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው፤ ራውተራችሁ 5 ብቻ ላይ ከሆነ አያገኙትም። የተለያየ መተግበሪያ የሚፈልጉ ዕቃዎችን አትደባልቁ፤ በስማርት ላይፍ ከጀመራችሁ በእሱ፣ በኢዌሊንክ ከጀመራችሁ በእሱ ቀጥሉ። ዚግቢ የሚባለው፣ በዋይፋይ ፋንታ ዕቃዎቹ የሚገናኙበት ሌላ መንገድ፣ ጥሩ ነው፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ግን ማዕከላዊ ሳጥን ስለሚፈልግ ለትንሽ በጀት አይጀመርበትም። በእጁ መሥራት የሚወድ ወጣት ካለ ታስሞታ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር በሶኖፍ ላይ ጭኖ ያለ ውጭ ኩባንያ ሰርቨር፣ ቤት ውስጥ ብቻ ማዘዝ ይችላል። ራውተሩም መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ አትርሱ።

እና ደሴ ፒያሳ ሱቅ ስትገቡ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስልካችሁን በኢንተርኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን ዕቃውን ዲቫይደር ላይ እንዲሰካው ጠይቁት። አገናኙት፣ አጥፉት፣ ከዚያ የዲቫይደሩን ማብሪያ አጥፍታችሁ አብሩት። ጠፍቶ የነበረው ጠፍቶ ከቆየ ክፈሉ። ቦግ ካለና የሚያስተካክለው ምርጫ መተግበሪያው ውስጥ ከሌለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።