ኬኤምአር የድመት ወተት፦ እናታቸው ለቀረችባቸው ግልገሎች

ዱቄቱ ጥሩ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከአንባቢዎች መካከል አሁን ጭኑ ላይ ካርቶን አድርጎ፣ ውስጡ የሚያለቅሱትን እያየ ምን ላድርግ የሚል ሰው ይኖራል ብዬ ስለማስብ ነው። ኬኤምአር የሚባለው፣ ፔትኤግ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው የድመት ግልገል ወተት ሥራውን ይሠራል። ግን ብቻውን ነፍስ አያድንም። ከወተቱ ቆርቆሮ በፊት መምጣት ያለበት ነገር አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ግዙ ብላችሁ ደግ አይሆንም።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ግቢያችን ውስጥ አሮጌ ጣውላና ቆርቆሮ የሚከመርበት ዕቃ ቤት አለ። ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ድመቶች ለመውለድ እሱን ይመርጣሉ፤ ደረቅ ነው፣ ውሻም አይገባበትም። ስለዚህ ይህን ወተት የማውቀው ከአንድ ዙር በላይ ነው። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስለምትኖር ሰው ሲመጣ ታስልክልኛለች። እዚያ 340 ግራሙ ቆርቆሮ ከ20 ዶላር በላይ ነው። እዚህ ከሰፈር ሱቅ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ያስፈልገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ቀደም ብሎ ቢያስመጣው ይሻለዋል። ግልገል ከተገኘ በኋላ መንገደኛ መፈለግ አይቻልም። የተከፈተው ዱቄት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 3 ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ እስከ 6 ወር ይቆያል።

መጀመሪያ ግን እናቲቱ በእርግጥ መቅረቷን አረጋግጡ። ድመት የምትበላውን ፍለጋ ልጆቿን ትታ ለሰዓታት ትጠፋለች። ብዙ ሰው ግልገሎቹን ብቻቸውን ሲያይ ተጥለዋል ብሎ ያነሳቸዋል። ሞቀው፣ ተቃቅፈው፣ ዝም ብለው ከተኙ እናት አለቻቸው ማለት ነው፤ አትንኳቸው። እኔ በዙሪያቸው ትንሽ የእህል ዱቄት እነሰንሳለሁ። ስትመለስ ዳናዋ ይታያል። ከተመለሰች የእኛ ሥራ እናትየውን መመገብና ንጹሕ ውሃ ማስቀመጥ ነው፤ የትኛውም ቆርቆሮ እሷን አይተካም። በተለይ ከተወለዱ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቀን ከእናታቸው የሚጠቡት እንገር በሽታ የሚከላከሉበትን አቅም ስለሚሰጣቸው ምንም ምትክ የለውም።

ያለፈው ክረምት ግን እናትየው ዋናው አስፋልት ላይ መኪና ገጭቷት ሞተች። ግራጫ፣ ደረቷ ነጭ የሆነች፣ በሩቁ የምታውቀን ድመት ነበረች። አራት ልጆች ትታ ነው የሄደችው። ዓይናቸው አልተገለጠም፤ እትብታቸው ደርቆ ሆዳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ትልቁ 100 ግራም ቢመዝን ነው።

የሰፈር ሰው የሚመክረው ያው የላም ወተት ነው። በደግነት ነው የሚመክሩት፤ አንዷ ጎረቤታችን ሙሉ ብርጭቆ ይዛ መጥታለች። ግን የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። ፕሮቲኑ ከመቶ 3 ገደማ ሲሆን የድመት ወተት የዚያን እጥፍ ይይዛል። ስቡም ያንሳቸዋል። ስኳሩ ደግሞ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። መቶ ግራም ለማትሞላ ነፍስ ተቅማጥ ቀላል በሽታ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት አድርቆ ይገድላል። አንድ ፋርማሲ ውስጥ «የሕፃናት ወተት ውሰጂ፣ ያው ነው» ብለውኛል። ያው አይደለም። የሰው ልጅ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የሕፃናት ወተት ፕሮቲን ከላሙም ያነሰ ነው። የኬኤምአር ዱቄት ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ቢያንስ 42 ከመቶ ፕሮቲን፣ 25 ከመቶ ስብ አለው። ለድመት ዓይንና ልብ የሚያስፈልገው ቶሪን የተባለው ንጥረ ነገርም ገብቶበታል። ልዩነቱ ሚዛን ላይ ይታያል። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት፤ የኔዎቹ ጨምረዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ከወተቱ በፊት የሚመጣው እሱ ነው።

አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አዲስ የተወለደ ግልገል ደግሞ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተኛበት ቦታ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ ሥራ ያቆማል። በዚያ ሰዓት ወተት ብትሰጡት አይፈጭለትም፤ ወይ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል፣ ወይ ወደ ሳንባው ይገባል። ብዙ ሰው ግልገል የሚሞትበት በረሃብ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ብርዱ ቀድሞ ሲወስዳቸው ነው ያየሁት። ስለዚህ ጡጦ ከማንሳታችሁ በፊት ንጹሕ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። አፉ ከቀዘቀዘ ወተቱን ተዉት። ደረታችሁ ላይ፣ ሹራባችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁት።

እኛ የምንጠቀመው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በወፍራም ካልሲ ሸፍነን ካርቶኑ አንድ ጎን እናስቀምጣለን። ሌላው ጎን ባዶ ይሁን፤ ሲሞቃቸው እየተሳቡ የሚሸሹበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ውሃው ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው ፕላስቲክ ደግሞ ያላቸውን ሙቀት ይወስድባቸዋል፣ ስለዚህ ቶሎ መቀየር ነው። ለማደር ሁልጊዜ ሙሉ ፔርሙስ እናዘጋጃለን፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። እማዬ ፍልሰታን እየጾመች፣ ቤቱ ሁሉ ወተት ወተት እየሸተታት፣ ለቅዳሴ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው የእነሱን ፕላስቲክ መቀየር ነበር። «እናት የላቸው፣ እኛ ካላሞቅናቸው ማን ያሞቃቸዋል» ትላለች። ውለታዋን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው።

አበጣበጡ ቀላል ነው። አንድ እጅ ዱቄት በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ። ውሃው ፈልቶ የበረደ ይሁን። እኔ ዱቄቱን በትንሽ ውሃ መጀመሪያ አሽቼ ነው ቀሪውን የምጨምረው፤ ጓል ከቀረ ጡጦውን ይደፍናል። ከዚያ በሻይ ማጥለያ አሳልፈዋለሁ። የተበጠበጠው ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈውን ሳትሳሱ ድፉት። ቆርቆሮው ላይ ለ115 ግራም ክብደት በቀን 30 ሚሊ ሊትር ይላል። ይህ ለቀኑ ሁሉ የሚከፋፈል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። እኔ ሌሊቱን፣ እማዬ ቀኑን ተካፍለን ነው የተወጣነው፤ ብቻውን ላለ ሠራተኛ ሰው ከባድ መሆኑን አልደብቅም።

ወተቱ የሚሰጥበትን ጡጦ ግን ወተቱን እንዳመሰገንኩ ላመሰግነው አልችልም። ለብቻው የተገዛ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የጡቱ ጫፍ ለአንድ ሳምንት ግልገል አፍ ይተልቃል። እንዲህ ያሉት ጫፎች ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የላቸውም፤ በጋለ መርፌ ራሳችሁ ናችሁ የምትበሱት። ጡጦውን ስትዘቀዝቁት ጠብ... ጠብ... ማለት አለበት። ከፈሰሰ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሌላ ጫፍ ቀይሩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፋርማሲ የምትገዙት ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ መርፌው ተነቅሎ፣ ከዚያ ጡጦ ይሻላል። አንድ ጠብታ፣ መዋጥ፣ ሌላ ጠብታ። መገፋት የለበትም።

አያያዙንም ልንገራችሁ። እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባው አታስተኙት። ወተቱ ቀጥታ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በሆዱ ፎጣ ላይ አስተኙት፤ ከእናቱ ሲጠባ እንደሚተኛው። ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ይበል። በደንብ መጥባት ሲጀምር ምላሱ ጫፉን ይጠቀልለዋል፤ ጆሮዎቹም በእያንዳንዱ ጉንጭ ይንቀሳቀሳሉ። የፊት እግሮቹ ፎጣውን በየተራ ይገፋሉ። እኔ የምጠብቀው ያን የጆሮ እንቅስቃሴ ነው፤ ሳየው ልቤ ያርፋል። በአፍንጫው ወተት ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ አፉን ወደ ታች አዘንብሉት፣ ጥረጉት። ከዚያ በኋላ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ወደ ሐኪም ነው።

ሲበላ አላለቀም። በዚህ ዕድሜ ብቻውን መሽናት አይችልም፤ እናቱ እየላሰች ነው የምታሸናው። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ወይም ሶፍት ይዛችሁ ከጅራቱ ሥር በስሱ አሹት። ይህ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ነው፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ እስኪሞላው። ወተት ሳይጎድላቸው ሆዳቸው ተነፍቶ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ይህን የሚነግራቸው ሰው ባጡ ቤቶች ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው እየቀለለ ይሄዳል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይናቸው ይገለጣል። አራተኛው ሳምንት ላይ ወተቱን ከላመ የተቀቀለ ሥጋ ጋር በሰሃን ማስለመድ ትችላላችሁ፤ ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ ቶሎ አያልቅም። የሆድ ትል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደታቸው ልክ። እናትየውም ሆነች ግልገሎቹ ከነከሷችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣል።

ከአራቱ ሦስቱ ደርሰዋል። ትንሿ ገና ስትመጣ 80 ግራም አትሞላም ነበር፤ ወተቱን ጠብታ በጠብታ እየወሰደች እንኳ አልጨመረችም። ሐኪሟ አይታት እንገር ያላገኘች ትመስላለች አለችን። እማዬ ደረት ላይ ነው የሞተችው። ይህን የምጽፈው ማንም ሰው ዱቄቱን ገዝቶ አንዱ ቢሞትበት በራሱ እንዳይፈርድ ነው።

ቤት ማግኘቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ስለ ወተት በሚወራበት ቦታ ለምን ይነሳል የሚል ቢኖር፣ ወተቱ ያደረሳቸው ለዚህ ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ድመት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ አይጥ አለና። እህል በረንዳ ብትሄዱ በጆንያዎቹ መሀል የተኙ ድመቶች ታያላችሁ። የሰፈራችን እህል ቤት ባለቤት ዓይናቸው እንደተገለጠ ነው «አንዱን ስጪኝ» ያለኝ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጥም አልኩ። ከወንድሞቻቸው ጋር እየተናከሱ፣ እየተጫወቱ ነው ልክን የሚማሩት። «በጡጦ ያደገ አይጥ ይይዛል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አልኩት፤ ሳቀ። ግራጫው እሱ ጋ ገባ፤ እስካሁን ጆንያ እንዳልተበሳበት ነግሮኛል።

ለሚወስድ ሁሉ ሁለት ነገር እነግራለሁ፣ በነዚህ አልደራደርም። አንደኛ፣ የአይጥ መርዝ የምታስቀምጥ ከሆነ ድመት የለም። መርዙን የበላው አይጥ እሷን ሊገድላት ይችላል። ሁለተኛ፣ በሲባጎ አንገቷ አይታሰርም። ሱቅ ውስጥ እንዳትጠፋ ብለው እግረኛ እያየ የሚያስሯቸውን አይቼ አንጀቴ ያርራል። አዲስ ቤት የገባች ድመት ጥቂት ሳምንት በር ተዘግቶባት፣ እዚያው እየበላች ብትቆይ ቤቱን ታውቀዋለች፣ አትሄድም።

ጥቁሩን ማንም አልፈለገውም ነበር። ሰው ፎቶውን ያይና «ሌላ ቀለም የለም?» ይላል። በመጨረሻ አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አስተማሪ ወሰደችው። አራተኛ ፎቅ ስለሆነች መስኮቱ ላይ መረብ አስገጠመች፤ ሳልነግራት ነው ያሰበችው። እህቷ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ድመቱ ይጎዳት እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። ድመት ማባረር አያስፈልግም፣ ኩሱን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፣ እሷ ጥሬ ሥጋ ትተው፣ ሐኪሟንም ታማክር አልኳት።

የቀረችው ቡራቡሬ ሴት ናት። ሴት ስለሆነች ብዙዎች «ወንዱን ስጪኝ፣ እሷ ትወልድብናለች» ብለው መለሷት። እውነት ነው፣ ትወልዳለች፤ ሴት ድመት ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም ከሁለት ወር ብዙም አይበልጥም። ግን ማስመከን ይቻላል። ወፍጮ ቤት ያላቸው እማማ ወሰዷት፤ የግል የእንስሳት ክሊኒኩን ወጪ እኩል ልንከፍል ተስማምተናል። ለጥር ቀጠሮ ይዘናል።