የራሴን ታሪክ ለራሴ ሊሸጡልኝ!

አጭር ልቦለድ ለመጽሔት የምትልኩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ስልኩን የዘጋሁት አሁን ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

እንዲህ ዓይነቱን መጽሔት ታውቁታላችሁ። "አዳዲስ ደራሲያንን እናበረታታለን" ይላል። ታሪክ ስትልኩ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ምስጋናው ማር ነው። ክፍያ "ሲታተም" ይባላል። ውሉ ደግሞ ዕትሙ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል በጥድፊያ ይላካል። "ዛሬ ፈርመህ ካልላክህ ገጹን ለሌላ እንሰጣለን።"

እኔም የደረሰኝ እንደዚሁ ነው። ውሉ መሃል ላይ ደራሲው በሥራው ላይ ያለውን መብት በሙሉ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ለመጽሔቱ እንዳስተላለፈ የሚገልጽ አንቀጽ ነበረው። አይቼ ዝም አላልኩም። ደወልኩ። ምክትል አዘጋጇ ናት ያነሳችው።

"ወንድሜ፣ እሱ እኮ ለሁሉም ሰው የምንልከው ፎርም ነው። ነገ መጽሐፍ ስታወጣ ታስገባዋለህ፤ ማን ይከለክልሃል?"

እንደዚያ ከሆነ አስተካክሉልኝ አልኳት። "አሁን ጊዜ የለም፤ በኋላ እናስተካክለዋለን። በእኔ ይሁንብህ" አለችኝ። ሰው በእኔ ይሁንብህ ካለ ምን ይባላል? ፈረምኩ።

ታሪኩ ወጣ። ክፍያው ስንት ጊዜ ጨቅጭቄ፣ "የአርትዖት ወጪ" ተብሎ ተቀንሶለት መጣ። እሱን እንኳ ትቼው ነበር። አሁን ግን አንድ አሳታሚ የአጫጭር ልቦለድ መድበሌን ሊያወጣልኝ ተስማማ። ቀድሞ ለታተመው ታሪክ ከመጽሔቱ የፈቃድ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። የተለመደ ነገር ነው፤ ማንኛውም ደህና አሳታሚ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት።

"ቆይ፣ ውሉን ላምጣው" አለች። መሳቢያ ሲከፈት ይሰማኛል። ወረቀት ይገላበጣል። ከዚያ ያቺኑ አንቀጽ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል ታነብልኝ ጀመር፣ ልክ ማንበብ ለማይችል ሰው እንደሚነበበው። "በሙሉ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። አጠገቧ ያለ ሰው ሳቀ። ለካ ድምፁን ለክፍሉ ሁሉ ከፍታው ኖሯል።

"እርስዎ አይደሉም የፈረሙት?"

"እኔ ነኝ። ግን ያን ቀን በስልክ በእኔ ይሁንብህ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"እኛ የምናውቀው ወረቀቱን ነው። ታሪኩን መጠቀም ከፈለጉ የፈቃድ ክፍያ አለው።"

ክፍያውን ነገረችኝ። ለእኔ ከከፈሉኝ ሦስት እጥፍ ነው! ዝም ስላት ደግሞ ጨመረችበት፦ "ደግሞ እኛ ባናወጣልዎት ማን ያነብልዎት ነበር?"

ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ፤ ይሄ ንግግር ነው። ያ ታሪክ ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ፣ ግን ለማንም ስላልተናገረ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሌሊት እየተነሳሁ ነው የጻፍኩት። ሰውዬው የሚሠራትን ትንሿን የሰዓት ጥርስ በዓይኑ ሳይሆን በጥፍሩ የሚፈልግበትን አንቀጽ እስኪሆንልኝ ድረስ ስቀድና ስጽፍ ከርሜያለሁ። እሷ ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል አላለችም። ሳስበው አንብባውም አታውቅም።

ማንም መጽሔት አጭር ልቦለድ ለማተም ሁሉንም መብት መውሰድ አያስፈልገውም። የሚበቃው የመጀመሪያ ህትመት መብት ነው። አንዴ ያትማል፣ ለተወሰኑ ወራት ሌላ ቦታ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ከዚያ መብቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። ደህናዎቹ የሚሠሩት እንደዚህ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ከመጀመሪያውም የእኛ ነው። የደራሲያንን መብት የሚያስከብረው ዓለም አቀፍ ውል፣ የበርን ስምምነት፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ለዚህ ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲሻሻል ደግሞ የደራሲ መብት ምዝገባም ሆነ ሌላ የወረቀት ሥርዓት አያስፈልገውም ተባለ። መብቱ ከእጃችን የሚወጣው እኛው በፊርማችን ስንሰጥ ነው። እነሱም ይህንን አሳምረው ያውቃሉ። ለዚህ ነው ውሉን በመጨረሻዋ ሰዓት የሚልኩት። ለዚህ ነው የሚያባብሉትን በስልክ፣ የሚወስዱትን በወረቀት የሚያደርጉት።

የመጀመሪያ ህትመት መብት ደግሞ የሚሸጠው አንዴ ብቻ ነው። ታሪኩ አንዴ ከወጣ ሌላ መጽሔት ቢገዛው እንኳ እንደ ድጋሚ ህትመት ነው የሚያየው፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ብዙዎቹ ጭራሽ አይቀበሉም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የሰጣችሁት ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰድባችሁ።

"ሁሉንም መብት" የሚል ካያችሁ ሰርዙት፤ "የመጀመሪያ ህትመት መብት ብቻ" ብላችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። መብቱ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ። በስልክ የተባለላችሁን እዚያው በኢሜይል ልካችሁ "አዎ" አስብሏቸው። እምቢ ካሉ ታሪካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገጹን ለፈለጉት ይስጡት።

እኔ ሳንቲም አልከፍላቸውም። መድበሉ ያለ ሰዓት ጠጋኙ ይወጣል። ለአሳታሚው አሁን ጽፌለታለሁ። ውሉን ደግሞ ነገ ለጠበቃ አሳየዋለሁ። ተመሳሳይ አንቀጽ ላይ የፈረማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብዙ ከሆንን አብረን እንሄዳለን።